ትርጉም አልባ ግጥምና አጭር ልብ ወለድ፦ ጽፎ ለመጽሔትና ለመድብል ማድረስ

ጠረጴዛው ሮጦ ወንበሩን ቀደመው፣
ደረጃው ሲሰማ ሳቅ እያደከመው፣
ወደ ላይ ወረደ ወደ ታች ወጣና፣
ጣራውን ጠየቀው፦ «እንዴት ነህ በጤና?»

ይቺን አራት ስንኝ ለዚህ ጽሑፍ ብዬ ነው የጻፍኳት። እስኪ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቧት። የሚሮጥ ጠረጴዛ የለም። ወደ ላይ የሚወርድ ደረጃም የለም። ግን ምላስ አይደናቀፍባትም። ሁለተኛ ስታነቧት ደግሞ «ቆይ፣ ጣራው ምን ብሎ መለሰ?» ማለት ይመጣል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቤቷ የወል ቤት ነው። እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይከፈላል፤ ጠ-ረ-ጴ-ዛው-ሮ-ጦ፣ ወን-በ-ሩን-ቀ-ደ-መው። የስንኞቹ መድረሻ ድምፅ ሁለት ሁለት እየሆነ ቤት ይመታል። ሰዋስውም ቦታውን አለቀቀም፤ ባለቤቱ፣ ተሳቢውና ግሱ በየወንበራቸው ተቀምጠዋል። የተነቃነቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትርጉሙ።

ብዙ ጀማሪ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ትርጉም አልባ ግጥም ሲባል እንደመጣ የመጻፍ ፈቃድ ይመስለዋል። ከዚያ «ሰማይ ማንኪያ ሰኞ፣ የጨረቃ ቢላ ሆይ» ዓይነት ነገር ይጽፋል። እዚህ ትርጉሙም፣ ሰዋስውም፣ ምጣኔውም (የቀለሙ ቁጥር) አንድ ላይ ፈርሷል። አንባቢ የሚይዘው ነገር የለውም፤ ስለዚህ ይለቀዋል። እኔ ለዓመታት ስጽፍም የሌላ ሰው ረቂቅ ሳነብም ያረጋገጥኩት ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ አንዱን ለማናጋት ሌላውን ሁሉ አጥብቃችሁ መያዝ አለባችሁ። ለአጭር ልብ ወለድም ያው ነው፣ ወደ እሱ እንመጣለን።

ሁለተኛው ነገር ውሸቱን በታማኝነት መከተል ነው። ጠረጴዛ ይሮጣል ካልን ወንበር መቀደሙ የግድ ነው። ዕቃ ከሮጠ ደረጃ ቢሰማ አይገርምም። ከሰማ ይስቃል፣ በሳቅ የደከመ ደግሞ ላይና ታቹ ይምታታበታል፣ እንዲህ ተምታቶበት ላይ ሲደርስ የሚያገኘው ጣራውን ነው፣ ያገኙትን ሰላም ማለት ደግሞ ወግ ነው። መጀመሪያ ላይ አንድ ውሸት ብቻ ተነገረ። የቀረው ሁሉ መዘዙ ነው። ግጥማችሁ በየስንኙ አዲስ ውሸት የሚጨምር ከሆነ ቆም በሉ፤ የመጀመሪያውን ውሸት ገና አልጨረሳችሁትም ማለት ነው።

ቃል መፍጠር

እንግሊዛዊው ሉዊስ ካሮል በፈጠራ ቃላት ከሞላው ዝነኛ ግጥሙ የመጀመሪያዋን አንጓ የጻፋት በ1855 ለቤተሰቡ ባዘጋጀው የእጅ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ነበር። ሙሉው የታተመው በ1871 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ቃላቱን ማንም አያውቃቸውም። ግን አያያዦቹና መስተዋድዶቹ፣ የግሶቹም ቅጥያዎች እውነተኛ እንግሊዝኛ ስለሆኑ አንባቢ የትኛው ስም የትኛው ግስ እንደሆነ ወዲያው ያውቃል።

አማርኛ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ሦስት ተነባቢ ብቻ ስጡት፣ የቀረውን ራሱ ይሠራዋል። «ፈዘቀ» እንበል። እንዲህ የሚባል ግስ አላውቅም። ግን «ፈዛቂ» ስላችሁ ሥራው መፈዘቅ የሆነ ሰው ታያላችሁ። «ተፋዘቁ» ካልኩ ሁለት ናቸው፣ እርስ በርስ ነው። «አስፈዘቀችው» ካልኩ ጥፋቱ የእሷ ነው። «ፈዘቅ ፈዘቅ አለ» ካልኩ ደግሞ ብዙም አልሆነለትም። ትርጉሙን ሳታውቁ ይህን ሁሉ ዐወቃችሁ። በሌሎች ብዙ ቋንቋዎች ይህን ያህል ነገር ከሦስት ድምፅ አይወጣም። እስኪ በስንኝ እንየው፦

ዝንፋዩ ሲፈዝቅ ከጠረጴዛው ሥር፣
ዝንፋዪት ፈዘቀች እንቅልፏን ስታስር።

የተፈጠሩት ሁለት ቃላት ብቻ ናቸው፤ ቀሪው ሁላችንም የምናውቀው ነው። ልኩ ለእኔ ይህ ነው። በአንድ ስንኝ ከሁለት ያልበለጠ የፈጠራ ቃል። ከዚያ ካለፈ ግጥሙ የማናውቀው የውጭ ቋንቋ ይመስላል እንጂ አያስገርምም።

ቃሉ ደግሞ ከየትም መምጣት የለበትም። «ዝንፋይ» ስትሉ ዝንፍ ማለት ከጀርባ ይሰማል፤ ትንሽ ያጋደለ ፍጡር ይመጣባችኋል። «ፈዘቀ» ውስጥ መፍዘዝም አለ፣ ከሩቅ ደግሞ መፈንጠዝ ይሰማል። ጆሮ ዘመድ ፍለጋ ይሄዳል። ዘመዱን በከፊል ስጡት፣ ሙሉ በሙሉ ግን አታስረክቡት።

አሁን በአማርኛ ብቻ የሚመጣ አንድ ችግር አለ፣ ብዙ ሰው የማያስበው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «አለ» ብለን ጽፈን ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው፤ የምንለየው ቃሉን ስለምናውቅ ነው። የፈጠራ ቃልን ግን ማንም አያውቀውም! ሳድሱም እንዲሁ ነው፤ አንዳንዴ ራሱን ችሎ ይነበባል፣ አንዳንዴ ከፊቱ ካለው ቀለም ጋር ይዋሃዳል። አንባቢው አሳስቶ ካነበበ ምጣኔያችሁ እዚያው ይፈርሳል። መፍትሔው ቃሉን ስትፈጥሩ ማሰብ ነው። ግስ ከሆነ በኀላፊ ጊዜ ላይ አድርጉት፤ እንደ ሰበረና ከፈተ የመሐል ፊደሉን አንባቢው በልማድ ያጠብቀዋል። ስም ከሆነ እንደ «ዝንፋይ» ተነባቢዎቹን አያይዟቸው፤ ን ከፊቱ ስላለች ፋ ልትጠብቅ አትችልም፣ ስለዚህ የሚነበብበት መንገድ አንድ ብቻ ነው።

ከዚያ ፈትኑት። ግጥሙን ለሌላ ሰው ስጡና ድምፅ አውጥቶ እንዲያነብላችሁ ጠይቁ። እናንተ አታንብቡለት። አፋችሁንም አትክፈቱ። የተደናቀፈበትን ቦታ ብቻ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። አንድ ሰው አንድ ቦታ ከተደናቀፈ ምናልባት የእሱ ነው። ሁለት ሰው እዚያው ከተደናቀፈ ስንኙን ቀይሩት።

ቅርጹን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። የወል ቤት የረጋ ነው፣ ታሪክ ይሸከማል። ሰንጎ መገን አምስት አምስት ስለሆነ ይፈጥናል። አራት አራቱ የቡሄ በሉ ቤት ደግሞ ለመደጋገምና ለጨዋታ የተመቸ ነው። እንግሊዛዊው የትርጉም አልባ ግጥም ጸሐፊ ኤድዋርድ ሊር በ1846 ያወጣውን መጽሐፍ የሞላው አንዲት አጭር ቅርጽ እየደጋገመ ነው፤ ያው ቅርጽ መመላለሱ ራሱ አንባቢውን ያዘጋጀዋል። እናንተም አንዱን ምረጡና ቢያንስ አሥር ግጥም በእሱ ጻፉ። ቅርጽ ስታማርጡ ጊዜ አትፍጁ።

ወደ አጭር ልብ ወለዱ

አሜሪካዊው ጸሐፊ ኤድጋር አለን ፖ በ1842 በአንድ መጽሔት ላይ በጻፈው ግምገማ አጭር ልብ ወለድ በአንድ መቀመጫ ተነብቦ አንድ ስሜት መፍጠር አለበት ብሎ ነበር። እስካሁን ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም። ሩሲያዊው አንቶን ቼኮቭ ደግሞ ገና ወጣት ሳለ ከ1882 ጀምሮ በሚጽፍበት የቀልድ መጽሔት አንድ ታሪክ ከ100 መስመር ያህል እንዳይበልጥ ይጠየቅ ነበር። ቅሬታ ያሰማበት ጊዜ አለ። ግን መግቢያ ማንዛዛትን ያስተወው፣ ነገሩን ከመሐሉ መጀመርን ያስለመደው ያ ጠባብ ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ።

በቅርብ እንየው። ታሪካችን ስለ አንድ ሰው ነው እንበል፤ የቤቱ ደረጃ በየቀኑ አንድ እርከን ይጨምራል። የመጀመሪያ ረቂቅ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል፦

«ጠዋት ከእንቅልፉ ነቃ። ፊቱን ታጠበ። ልብሱን ለባበሰ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስብ ስላደረ ድካም ይሰማው ነበር። በሩን ከፍቶ ሲወጣ ደረጃው ላይ የሆነ እንግዳ ነገር እንዳለ አስተዋለ።»

ሲታረም፦

«ደረጃው ትናንት 12 እርከን ነበር። ዛሬ 13 ነው። ሁለት ጊዜ ቆጠረው፤ ሥራም ረፈደበት።»

መታጠቡ የት ሄደ? ማንም አይፈልገውም። «እንግዳ ነገር» የሚለውም ወጥቷል፤ እንግዳ መሆኑን ቁጥሩ ይናገራል። ግን «ሥራም ረፈደበት» የምትለዋን ተመልከቱ። የማይሆን ነገር ሆኖ ሳለ ሰውየው የሚጨነቀው ስለ ሥራ ሰዓት ነው። በግጥሙ ምጣኔና ሰዋስው የሠሩትን ሥራ እዚህ የሚሠሩት የዕለት ተዕለት ነገሮች ናቸው፤ ሰዓት፣ ቁልፍ፣ ጫማ፣ ጎረቤት። አንድ ነገር ይናጋ። ሰውየው ግን እንደ ማንኛውም ሰው ይኑር።

መጨረሻውን አታብራሩ። «ለካ ሕልም ነበር» የሚለውን እባካችሁ ተዉት፤ አንባቢው ያመናችሁን ሁሉ መልሶ መንጠቅ ነው። ደረጃው ለምን እንደሚጨምር መንገርም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሰውየው በመጨረሻ ምን እንዳደረገ ነው። ለምሳሌ አንድ ጠዋት ቆጥሮ 12 ሆኖ ያገኘዋል፣ እና ለመጀመሪያ ጊዜ ይፈራል። እዚያ ላይ ብዕሩን አስቀምጡ።

ስለ ርዝመት። ሁጎና ኔቡላ የተባሉት የሳይንስ ልብ ወለድ ሽልማቶች አጭር ልብ ወለድ የሚሉት ከ7,500 ቃል በታች ያለውን ነው። ከ1,000 ቃል የማያልፈው ብዙ ጊዜ በጣም አጭር ልብ ወለድ ተብሎ ለብቻው ይያዛል። ልክ 100 ቃል ብቻ የሆነ ዓይነትም አለ፤ ለልምምድ እሱን በጣም እመክራለሁ። ግን ልብ በሉ፣ አማርኛ በአንድ ቃል ብዙ ይሸከማል። «አልነገራቸውም» አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ አራት አምስት ይሆናል። የውጭ ገደብን እንዳለ ወስዳችሁ 5,000 የአማርኛ ቃል ብትጽፉ የእናንተ በጣም ይረዝማል። መጽሔቱ የገጽ ብዛት ከነገራችሁ እሱን ያዙ።

መላክ

ከመላካችሁ በፊት የመጽሔቱን ሁለት እትም እስከ መጨረሻው አንብቡ። ይህን የሚዘል ሰው ብዛቱ! ግጥም በጭራሽ አውጥቶ ለማያውቅ መጽሔት ግጥም መላክ የራስን ጊዜ መጣል ነው። ስታነቡ ደግሞ አንድ ነገር ፈልጉ፤ አዘጋጁ ጨዋታ ይወዳል ወይ? ትርጉም አልባ ግጥም ወጥቶ ባያውቅም የቃላት ጨዋታ ያለበት ጽሑፍ ካያችሁ በሩ ክፍት ነው።

የሊር ዝነኛ የጉጉቷና የድመቷ ግጥም መጽሐፍ ውስጥ ከመግባቷ በፊት በ1870 የወጣችው በአንድ የአሜሪካ የልጆች መጽሔት ላይ ነው። ይህን ያነሳሁት የልጆች መጽሔቶችን እንዳትንቁ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ግጥም ከእነሱ የተሻለ ቤት የለም። ልጅ ደግሞ ምጣኔ ሲሰበር ወዲያው ይነግራችኋል።

ፋይሉ ንጹሕ ይሁን። አንድ ዓይነት ቅርጸ ፊደል፣ 12 መጠን፣ ሰፋ ያለ መስመር። በየኮምፒውተሩ በሚከፈት በዩኒኮድ ይጻፍ፤ በድሮ ፎንት የተጻፈ አማርኛ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል፣ አዘጋጁም ይህ ነው ግጥሙ ብሎ ሊያስብ ይችላል። ግጥምን ኢሜይሉ ውስጥ ብቻ ለጥፋችሁ አትላኩ፤ ስንኞቹ ይሰባበራሉ። በፋይል አያይዙት፣ አብሮ ፒዲኤፍ ካደረጋችሁለት ደግሞ የአከፋፈሉን ልክ ያያል።

መሸኛ ደብዳቤው አጭር ነው። እንዲህ ይበቃል፦

«የተከበሩ አዘጋጅ፣ ‹እርከን› የተሰኘ 900 ቃል ያለው አጭር ልብ ወለዴን ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬያለሁ። ከዚህ በፊት በየትም አልወጣም። ለሌላ መጽሔትም ስለላክሁት እዚያ ተቀባይነት ካገኘ በዚያው ቀን አሳውቃለሁ። ጊዜ ወስደው ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ።»

ታሪኩን እዚያ ውስጥ አትተርኩ። ግጥሙ ምን ማለት እንደሆነም አታስረዱ፤ ትርጉም አልባውን በተለይ። ለሁለት መጽሔት በአንድ ጊዜ መላክን አንዳንዶች ይፈቅዳሉ፣ አንዳንዶች አይፈቅዱም፤ ሕጋቸውን አንብቡ። ሌላው ጥንቃቄ፣ ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ላይ የለጠፋችሁትን ብዙ አዘጋጆች እንደታተመ ይቆጥሩታል። የምትወዱትን ግጥም ቶሎ ለመለጠፍ እጃችሁ ሲበላችሁ ይህን አስታውሱ።

አሁን ከሁሉ በላይ ያመመኝን ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ አንድ ግጥሜ ወጥቶ መጽሔቱን በደስታ ገለጥኩት። «ቀርጤፋ» ብዬ የፈጠርኩት ቃል «ቀልጣፋ» ተብሏል። ሌላውም እንዲሁ ታርሟል። አራሚው ክፉ አስቦ አልነበረም፤ የፊደል ስሕተት ያየ መስሎት ነው። ግጥሙ ግን የእኔ መሆኑ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከግጥሙ ሥር «የሚከተሉት ቃላት ሆን ተብሎ የተፈጠሩ ናቸው፣ እንዳሉ ይታተሙ» ብዬ አንድ በአንድ እዘረዝራቸዋለሁ። ከማተሚያ በፊት የመጨረሻውን እርማት እንዲያሳዩኝም በጽሑፍ እጠይቃለሁ። እስካሁን እምቢ ያለኝ የለም።

መልስ ወራት ሊወስድ ይችላል። አንድ መዝገብ ያዙ፤ ምን፣ ለማን፣ መቼ ተላከ፣ ምን ተባለ። ያስቀመጡት ጊዜ ካለፈ አንድ አጭር መጠየቂያ መላክ ነውር አይደለም። «አልተቀበልነውም» የሚል ለሁሉም የሚላክ መልስ ከመጣ ስለ ጽሑፉ ምንም አልነገራችሁም፤ በዚያው ሳምንት ለሌላ ላኩት። ግን አዘጋጁ ስለ ግጥማችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ከጻፈ፣ ሳይቀበለውም ቢሆን፣ ትልቅ ነገር ነው። ጊዜ የለውም፣ ሆኖም ጻፈ። ሌላ ሥራ ስታደርሱ መጀመሪያ ለእሱ ላኩ።

መድብል

የብዙ ጸሐፍት ሥራ ያለበት የጋራ መድብል አብዛኛውን ጊዜ ጭብጥ አለው። ጭብጡ «በር» ከሆነ መጀመሪያ የመጣላችሁ ሐሳብ ለሌላው ሁሉም መጥቶለታል። ሁለተኛውንም ተዉት። ሦስተኛው ላይ ጀምሩ። ትርጉም አልባ ግጥም በመድብል ውስጥ የራሱ ቦታ አለው፤ ከሁለት ከባድ ታሪኮች መሐል አንባቢው የሚተነፍስበት ነው። ስለዚህ ከአንድ ገጽ ባይዘል ለአዘጋጁ ይመቸዋል።

ውል ሳታነቡ አትፈርሙ። የምትሰጡት ለመጀመሪያ ጊዜ የማተም መብት ብቻ ነው ወይስ ሁሉንም ለዘላለም? በምን ያህል ጊዜ ይመለስላችኋል? ብዙ ጊዜ ከጥቂት ወር እስከ አንድ ዓመት ነው። ሁሉንም መብት የሚጠይቅ ካለ ለምን እንደሚፈልገው ጠይቁ። ክፍያ ከሌለ ቢያንስ አንድ ቅጂ ለእናንተ መላክ አለበት። አንዳንድ ደኅና መጽሔቶች ትንሽ የማንበቢያ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ እሱ የእናንተ ምርጫ ነው። «ሥራህ ተመርጧል፣ እንዲታተም ግን ይህን ያህል ቅጂ ግዛ» የሚል ሲመጣ ግን ሥራችሁን ይዛችሁ ውጡ። ገንዘብ ወደ ጸሐፊው ነው መሄድ ያለበት።

መጽሔት ላይ የወጣው ሥራ መብቱ ሲመለስ ለመድብል ሊላክ ይችላል። የት እና መቼ መጀመሪያ እንደወጣ በመሸኛው ላይ ጻፉ። የላካችሁትን የራሳችሁን ፋይል እንጂ ከመጽሔቱ ላይ የተገለበጠውን አትላኩ፤ የእነሱ እርማት አብሮ ይሄዳል። የፈጠራ ቃላቱንም ዝርዝር እንደገና ከሥሩ አያይዙት፤ አዲሱ አራሚ የድሮውን አላየውም።